ሐሳባዊ ማለት ማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ርእሳችን ሐሳባዊነት ነው፤ ብዙዎቻችን አይዲያሊዝም የምንለው። ዓመታቱን፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው።

ቃሉ እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል። የፍልስፍና መምህር ስለ በርክሊና ስለ ካንት ሲያስተምር ይጠቀምበታል። ዳጎስ ያለ ደመወዝ ትቶ ገጠር ጤና ጣቢያ የገባውን ሐኪም ዘመዶቹ «እሱ እኮ አይዲያሊስት ነው» ይሉታል፤ አነጋገራቸው ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ሐዘኔታ ነው። የውጭ ጉዳይ ተንታኝ በዓለም አቀፍ ሕግ ተማምኖ ጦሩን ችላ ያለ መንግሥትን በዚሁ ስም ይጠራዋል። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት የቀመሰ ሰው ደግሞ «ሐሳባዊ» ሲባል ዛሬም ስድብ ሆኖ ይሰማዋል። አራቱም አንድ ቃል ተናገሩ እንጂ አንድ ነገር አልተናገሩም። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ትርጉም ይዞ ጀምሮ ሌላውን ይዞ የሚጨርስ ክርክር ሲነሣ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይደጋገማል።

መፍትሔው ቀላል ፈተና ነው። «እገሌ ሐሳባዊ ነው» ሲባል ለመስማማትም ለመቃወምም አትቸኩሉ። «ሐሳባዊ ባይሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ቁስ አካላዊ»፣ ማለትም ሁሉም ነገር በመሠረቱ ቁስ ነው ባይ፣ ከሆነ የተያዘው ጉዳይ ዓለም በመሠረቱ ምንድን ናት የሚለው ነው። «ነገሮችን እንዳሉ እናውቃቸዋለን ባይ» ከሆነ ጉዳዩ የዕውቀት ነው። «ለሆዱ ያደረ» ከሆነ ስለ ጠባይ እየተወራ ነው። «የኃይል ሚዛን የሚያሰላ» ከሆነ የመንግሥታት ግንኙነት ነው። ተቃራኒውን መናገር የማይችል ሰው ቃሉን የሚጠቀመው ለማሞገስ ወይም ለማንቋሸሽ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከሥሩ እንነሣ። ኢዴያ የግሪክ ቃል ነው፤ የወጣው ማየት ከሚለው ግሥ ሲሆን መጀመሪያ «የሚታይ መልክ» ማለት ነበር። በግእዝም ርእየ ካለው ግሥ ራእይ፣ ርእዮትና አርአያ ይወጣሉ። ፕላቶን ለመረዳት ከእነዚህ ሁሉ የሚጠቅመን አርአያ ነው። ፕላቶ ኢዴያ ሲል ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚመላለስ ሐሳብ ማለቱ አልነበረም፤ ነገሮች የሚመስሉትን፣ እነርሱም የሚለኩበትን ምሳሌ ማለቱ ነበር።

ምክንያቱን በሪፐብሊክ ስድስተኛ መጽሐፍ ከጂኦሜትሪ ወስዶ ያስረዳል። አሸዋ ላይ ሦስት ማዕዘን ሣሉ። መስመሩ ውፍረት አለው፤ ይንጋደዳል፤ ማዕዘኖቹን ለክታችሁ ብትደምሩ ልክ 180 ዲግሪ አታገኙም። ሆኖም የማዕዘኖቹ ድምር 180 መሆኑን የሚያረጋግጠው ስሌት አንዳች ጉድለት የለበትም። ታዲያ ስሌቱ እውነት የሆነው ስለ የትኛው ሦስት ማዕዘን ነው? ስለ ተሣለው ሊሆን አይችልም። ፕላቶ በዓይን የማይታይ፣ በአእምሮ ብቻ የሚደረስበት ራሱ ሦስት ማዕዘኑ አለ ይላል። ፍትሕን፣ ውበትንና በጎነትን በተመለከተም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ የፕላቶ አርአያዎች የማንም አእምሮ ውጤት አይደሉም። ሰው ሁሉ ቢጠፋ፣ የሚያስብ ፍጡር ባይኖር እንኳ ይኖራሉ። ስለዚህም የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት «ሰውነት፣ ፈረስነት የሚባል ነገር በእርግጥ አለ ወይስ ስም ብቻ ነው?» ብለው ሲከራከሩ የፕላቶን ወገን እውነታዊ ነበር ያሉት፤ በዘመናችን ቋንቋ ሪያሊስት። አንዱ ትምህርት ከ«ስም ብቻ ነው» ባዮች ፊት ሲቆም እውነታዊነት፣ ከቁስ አካላዊነት ፊት ሲቆም ሐሳባዊነት ተባለ። ፈተናችን የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕላቶ ራሱን ሐሳባዊ ብሎ አያውቅም። ሐሳባዊያንን ከቁስ አካላውያን አጣምሮ በማስቀመጥ የሚታወቀው ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ ነው። በ1702 ለፒየር ቤይል በጻፈው መልስ ኤጲቆሮስን በታላላቅ ቁስ አካላውያን፣ ፕላቶን በታላላቅ ሐሳባዊያን ምሳሌነት ጠቀሳቸውና ከሁለቱም መልካም መልካሙ በእርሱ ሥርዓት ውስጥ እንደሚገኝ ተናገረ። በኋላ ክርስቲያን ቮልፍ ፈላስፎችን በየመደቡ ሲያስቀምጥ ቃሉ የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ሆኖ ቀረ።

ቃሉ ዛሬ ያለውን ክብደት ያገኘው ግን በጆርጅ በርክሊ ምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በርክሊ በ1685 አየርላንድ ውስጥ ኪልኬኒ አካባቢ ተወለደ፤ በ1710 ዋናውን መጽሐፉን ሲያሳትም 25 ዓመቱ ነበር፤ በ1734 የክሎይን ጳጳስ ሆነ። ትምህርቱን የጠራው ሐሳባዊነት ብሎ ሳይሆን ኢቁሳዊነት ብሎ ነው። ክርክሩ ሦስት እርከን አለው። አንደኛ፣ ድንጋዩን፣ ዛፉን፣ ከፊታችን ያለውን ጀበና የምናውቀው በስሜት ሕዋሳት ነው። ሁለተኛ፣ በስሜት ሕዋሳት የምናገኘው ቀለም፣ ሙቀት፣ ሽታ፣ ድምፅና ቅርጽ ነው፤ ከእነዚህ ጀርባ «ቁስ» የሚባል ሌላ ነገር ያየም የዳሰሰም የለም። ሦስተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ተገንዛቢ አይኖሩም። መደምደሚያው፦ ጀበናው የእነዚህ ስሜቶች ስብስብ ነው፤ መኖሩም መስተዋሉ ነው። ሁላችንም ከቤት ብንወጣስ ጀበናው ይጠፋል? አይጠፋም ይላል ጳጳሱ፤ ዘወትር የሚያየው እግዚአብሔር አለና።

ሦስተኛውን እርከን ለማስረዳት በ1713 ባሳተማቸው ምልልሶች የታወቀ ምሳሌ ያቀርባል። አንዱን እጃችሁን አሙቁ፣ ሌላውን አቀዝቅዙ፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩ። ውኃው ለአንደኛው እጅ ቀዝቃዛ፣ ለሌላኛው ሙቅ ነው። አንድ ውኃ በአንድ ጊዜ ሙቅም ቀዝቃዛም ሊሆን አይችልም፤ እንግዲያው ሙቀቱ የሚገኘው በሚሰማው ዘንድ እንጂ በውኃው ውስጥ አይደለም።

በርክሊን ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው ብዙውን ጊዜ ያላለውን ነው የሚነቅፈው። ዓለም ሕልም ናት አላለም። ጀበናው ያቃጥላል፤ ቡናው ይጠጣል፤ ድንጋይ ከወደቀባችሁ ይጎዳችኋል። የካደው ማንም ያላየውን፣ ፈላስፎች ከስሜቶች በስተጀርባ አለ የሚሉትን ቁስ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በ1763 ትልቅ ድንጋይ በእግሩ ረግጦ «እንዲህ ነው የማፈርሰው» ማለቱን የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦዝዌል መዝግቦታል፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። ርግጫው ምን አረጋገጠ? ድንጋዩ እንደሚጠነክር፣ እግርንም እንደሚያሳምም። ጥንካሬና ሕመም ደግሞ በርክሊ መኖራቸውን ከተቀበላቸው ነገሮች ናቸው። ጆንሰን ድንጋዩን መታ እንጂ ክርክሩን አልነካውም።

ክርክሩ የሚሰበረው ሌላ ቦታ ነው። በ1903 እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጂ.ኢ. ሙር ጣቱን በትክክለኛው ቦታ ላይ አሳረፈ፦ ሰማያዊ ቀለምን ማየትና የሚታየው ሰማያዊ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማየት አእምሮ ይፈልጋል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የሚታየውም አእምሮ ይፈልጋል ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። በርክሊ ለሁለቱም «ሐሳብ» የሚለውን አንድ ቃል ስለሚጠቀም ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ክፍተቱ አይታይም። የውኃው ምሳሌም ቢሆን የሚያሳየው እጅ ሙቀትን የሚመዝነው ከራሱ ሙቀት ተነሥቶ መሆኑን ነው፤ ቴርሞሜትር ብትነክሩ የሚያሳየው አንድ ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ የአውሮፓ ብቻ አይደለም። ህንዳዊው የቡድሃ ሊቅ ቫሱባንዱ ከበርክሊ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በውጭ ምንም ሳይኖር ነገሮች በቦታቸውና በጊዜያቸው ሊታዩ እንደሚችሉ በሕልም ምሳሌነት ተከራክሯል።

ካንት ከባድ ነው ይባላል፤ ነውም። ቢሆንም ሐሳባዊነቱ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ መጽሐፉን ሁሉ መጨረስ አይጠይቅም። አማኑኤል ካንት በ1724 በኮኒግስበርግ፣ የዛሬዋ ካሊኒንግራድ፣ ተወለደ፤ የጠራ አመክንዮን የሚመረምረውን ታላቁን መጽሐፍ በ1781 አወጣ። መነሻ ጥያቄው ይህ ነው፦ 7 እና 5 ሲደመሩ 12 መሆናቸውን ወደ ውጭ ወጥተን ሳንቆጥር በእርግጠኝነት እናውቃለን፤ በውጭ ያለውን ዓለም ስንቆጥርም ስሌቱ ይሠራል። የጂኦሜትሪም እንዲሁ ነው። ከልምድ ያልመጣ ዕውቀት ለልምድ እንዴት ሊገጥም ቻለ? መልሱ፦ ቦታና ጊዜ ነገሮች በራሳቸው ያሏቸው ጠባዮች ሳይሆኑ እኛ ነገሮችን የምንቀበልባቸው ቅርጾች ናቸው። በላያቸው ደግሞ ምክንያትንና ቋሚ ባሕርይን የመሳሰሉ 12 የአእምሮ መደቦች አሉ። እንግዲህ የምናውቀው ነገሮች በእነዚህ ቅርጾች ሲገለጡልን እንጂ በራሳቸው ምን እንደሆኑ አይደለም።

ጥር ወር 1782 ላይ በጎቲንገን በወጣ ግምገማ፣ ጋርቨ ጽፎት ፌደር ባሳጠረውና በቀየረው፣ ካንት ሌላ በርክሊ ተደርጎ ቀረበ። ካንት ተቆጣ። በ1783 በታተመው አጠር ያለ መጽሐፉ የእርሱ ሐሳባዊነት ሂሳዊ ወይም ቅርጻዊ ቢባል እንደሚሻል ጻፈ፤ በ1787 በወጣው ሁለተኛ እትም ላይ ደግሞ ሐሳባዊነትን የሚያፈርስ ልዩ ክፍል ጨመረ። ሐሳባዊነትን የሚያፈርስ ሐሳባዊ! የክፍሉ ክርክር ሲጨመቅ፦ የራሴን ስሜቶች በጊዜ ቅደም ተከተል ለይቼ የማውቀው ከእነርሱ ውጭ ጸንቶ የሚቆይ ነገር ካለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውስጣዊ ሕይወቴን ማወቄ ራሱ የውጭውን ዓለም መኖር ያስገድዳል።

ካንትን ስታነቡ አንድ መመሪያ ያዙ። ቦታ «ሐሳባዊ» ነው ሲል የሚቃወመው ቦታ ያለ እኛ አቀባበል በራሱ የቆመ ነው የሚለውን ነው። ጠረጴዛው በእርግጥ የለም ማለቱ አይደለም፤ በልምድ ውስጥ ጠረጴዛው እውነተኛ ነው፣ ከእኛም ውጭ ነው። ይህን ሳይለዩ «ካንት ሁሉም ነገር በአእምሮ ነው ይላል» ብሎ መጻፍ በአማርኛ የፍልስፍና መግቢያዎች ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ከባዱ ነው። እውነተኛው የካንት ድክመት ሌላ ነው፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ያኮቢ በ1787 አመልክቶታል። ነገሮች በራሳቸው ስሜታችንን ይቀሰቅሳሉ ከተባለ ምክንያትነት ለእነርሱም ይሠራል ማለት ነው፤ ካንት ደግሞ ምክንያትነት የሚሠራው ለተገለጡልን ነገሮች ብቻ ነው ብሏል። ያኮቢ «ነገር በራሱ» የሚለውን ሐሳብ ሳይቀበሉ ወደ ካንት ቤት መግባት አይቻልም፣ ተቀብለው ደግሞ በቤቱ መቆየት አይቻልም የሚል ዓይነት ፍርድ ሰጠ። ከካንት በኋላ ከመጡት የጀርመን ፈላስፎች ፊሽተ ይህንኑ «ነገር በራሱ» የሚለውን ጭራሽ አውጥቶ ጣለው፤ ሼሊንግና ሄግልም በየራሳቸው መንገድ ቀጠሉ።

ስለ ሄግል ሁለት ነገር ብቻ። ለእርሱ ሐሳባዊነት ማለት ውስን የሆነ ነገር ራሱን ችሎ አይቆምም፣ ምንነቱን የሚያገኘው ከሌሎች ጋር ባለው ዝምድናና በጠቅላላው ውስጥ ነው ማለት ነው። ድንጋይ ከአእምሮ ይመነጫል ማለት አይደለም። ሁለተኛው፦ «አንብሮ፣ ተቃርኖ፣ ውሕደት» (አንድ አቋም፣ ተቃራኒው፣ ሁለቱን የሚያዋሕድ ሦስተኛ) የሚለው ሦስትዮሽ ሄግል የእኔ ዘዴ ነው ብሎ ያቀረበው ቀመር አይደለም፤ በዋናነት የተስፋፋው ሄግል ከሞተ በኋላ በ1837 በታተመው በሃይንሪሽ ካሊባውስ መጽሐፍ ነው። ፈተና ላይ ሲጠየቅ ግን እስከ ዛሬ የሄግል ነው ተብሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ አገራችን የሚያገናኘን ድልድይ ላይ ደርሰናል። ኤንግልስ በ1886 ፈላስፎችን በሁለት ሰፈር ከፈላቸው፤ መንፈስ ይቀድማል ያሉት የሐሳባዊነት ሰፈር፣ ተፈጥሮ ትቀድማለች ያሉት የቁስ አካላዊነት ሰፈር። ሌኒን በ1909 ይህን ክፍፍል የፓርቲ መለያ አደረገው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ወደ እኛ የገባው ይኸው ነው። የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትን በመሳሰሉ መድረኮች «ሐሳባዊነት» የፍልስፍና መደብ ብቻ ሳይሆን የመደብ ጠላት አስተሳሰብ ሆኖ ተሰጠ፤ ከ«አድኃሪ» ጋር ጎን ለጎን። ፕላቶ፣ በርክሊ፣ ካንትና ሄግል በአንድ ከረጢት ገቡ። ያየናቸው ልዩነቶች ሁሉ ጠፉ፤ ቃሉም መለያ መሆኑ ቀርቶ ማሳደጃ ሆነ።

አስገራሚው ነገር ኤንግልስ በዚያው መጽሐፉ ላይ ሁለቱን ትርጉሞች አትደባልቁ ብሎ ማስጠንቀቁ ነው። ተራው ሰው ቁስ አካላዊነት ሲባል ሆዳምነት፣ ስካርና ገንዘብ ወዳድነት፣ ሐሳባዊነት ሲባል ደግሞ በጎነትና ለሰው ልጅ መቆርቆር ይመስለዋል ብሎ ተሳልቋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የወጡትን ተማሪዎችና ከእነርሱ በኋላ የመጡትን እንውሰድ። ብዙዎቹ በፍልስፍና ቁስ አካላዊ ነን ይሉ ነበር። በጠባይ ግን በቃሉ ሦስተኛ ትርጉም ከእነርሱ የበለጠ ሐሳባዊ ትውልድ ለማግኘት ያስቸግራል፤ ያላዩትንና እንደማያዩት ሊገምቱ የሚችሉትን ነገር አስቀድመው ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። እዚህ ላይ ተቃርኖ የለም፤ ሁለቱ ትርጉሞች አይገናኙም። ገንዘብ ከምንም የሚያስቀድም ሰውም በበኩሉ በፍልስፍና ፍጹም በርክላዊ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ርእስ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ዘርዐ ያዕቆብስ? በስሙ የሚጠራው የግእዝ የፍልስፍና ጽሑፍ፣ የሐተታው፣ ደራሲነት ከጣልያናዊው ምሁር ከኮንቲ ሮሲኒ ጥናት ወዲህ አከራካሪ ነው፤ ያ ክርክር ለጊዜው ይቆየን። ጽሑፉ በራሱ ሲታይ ግን ሐሳባዊ አይደለም። ሁሉንም በልቡና ብርሃን መርምሩ ይላል፤ ይህ ስለ ዕውቀት መንገድ የተነገረ ስለሆነ ስሙ አመክንዮአዊነት ነው። ዓለምን በተመለከተ ፈጣሪ የፈጠራት እውነተኛና መልካም ዓለም ናት ባይ ነው፤ ጾምንና ምንኩስናን የሚተቸውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። አመክንዮአዊነትና ሐሳባዊነት ተቃራኒዎቻቸው የተለያዩ ናቸው፤ የአንደኛው ልምዳዊነት፣ የሁለተኛው ቁስ አካላዊነት።

ወደ ሦስተኛው ትርጉም እንለፍ፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያው ሐኪም። እዚህ ሐሳባዊነት ሦስት ነገር ይፈልጋል። በግልጽ ሊነገር የሚችል አርአያ፣ አሁን ያለው ነገር ከአርአያው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያይ ዓይን፣ ርቀቱን ለማጥበብ ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኝነት። አንዱ ሲጎድል ሌላ ስም ይመጣል፤ ዘመድ የሆኑት ቃላት የሚለዩት በዚህ ነው። አርአያው ግልጽ ሳይሆን ዋጋ ለመክፈል ብቻ የሚጣደፍ ስሜታዊ ነው። ርቀቱን የማያይ፣ የሚወደው ሰው ወይም ፓርቲ አርአያውን አሁኑኑ የሆነ የሚመስለው አምላኪ ነው፤ አይዲያላይዝ አደረገ የምንለው ይህን ነው። ፍቅር ብዙ ጊዜ፣ ፖለቲካ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አርአያም ርቀትም እያየ ዋጋውን የማይከፍለው «ላም አለኝ በሰማይ» ባይ ነው። ርቀቱ ዜሮ ካልሆነ ምንም አልተሠራም የሚለው ደግሞ ፍጹምነት ፈላጊ ነው፤ ሪፖርቱን አሥር ጊዜ አርሞ ሳያስረክብ ጊዜው የሚያልፍበት።

ለዚህ ከካንት የተሻለ መሣሪያ የለም። አርአያ ሊደረስበት የሚችል ዕቃ ሳይሆን አቅጣጫ የሚሰጥ ደንብ ነው ይላል። «አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት አትሞትም» አርአያ ነው። በዚህ ዓመት ይህን ያህል አዋላጅ ነርስ ይመደባል፣ ይህን ያህል አምቡላንስ ይጠገናል የሚለው ግብ ነው። አርአያውን እንደ ዓመት ግብ የጻፈ መሥሪያ ቤት ሰኔ ላይ ወይ ሪፖርቱን ይዋሻል ወይ ተስፋ ይቆርጣል። ግቡን እንደ አርአያ የያዘው ደግሞ አምቡላንሱ ሲጠገን ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ዩቶፒያ የሚለው ቃል የቶማስ ሞር ፈጠራ ነው፤ 1516። ከግሪክ «የለም» እና «ስፍራ» አጣምሮ ሠራው፤ ድምፁም «መልካም ስፍራ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፤ ሞርም በዚሁ ይጫወታል። አይዲዮሎጂ ከሁሉም የሚያንሰው ወንድም ነው፦ ፈረንሳዊው ዴስቱት ደ ትራሲ በ1796 «የሐሳቦች ሳይንስ» ብሎ አወጣው፤ ሐሳብ ከስሜት እንዴት እንደሚወለድ የሚያጠና ትምህርት። ወደ ንቀት የለወጠው ናፖሊዮን ነው፤ ከሩሲያ ተሸንፎ በተመለሰበት በ1812 መጨረሻ ለፈረንሳይ መከራ አይዲዮሎጎችን ተጠያቂ አደረገ። እኛ ርዕዮተ ዓለም ያልነው ከትራሲ ሳይንስ ጋር ዝምድናው የሩቅ ነው።

ሳይንስ ውስጥ ደግሞ «አይዲያል» መልካም ማለት አይደለም። አይዲያል ጋዝ ማንም ሊሆነው የሚመኘው ጋዝ አይደለም፤ ቅንጣቶቹ መጠን እንደሌላቸው፣ እርስ በርስም እንደማይሳሳቡ ተደርጎ የተሰላ ነው።  ግፊቱ ሲያይል ወይም ሙቀቱ ወደ ፈሳሽነት መጠጋጊያ ሲወርድ ስሌቱ ይስታል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የተረሱት መጠንና ስበት ይቆጠራሉ። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቁ ማክስ ቬበርም «አይዲያል ታይፕ» ሲል እንዲሁ ነው፤ የቢሮክራሲ አይዲያል ታይፕ ጥሩ ቢሮክራሲ ሳይሆን የተጋነነ መለኪያ ሥዕል ነው።

የቀረን አራተኛው፣ የመንግሥታት ግንኙነቱ፣ ትርጉም ነው፤ ለኢትዮጵያ ቀልድ ያልነበረው። ጃንዋሪ 8 ቀን 1918 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ስለ ሰላም 14 ነጥቦቹን አቀረበ፤ የመጨረሻው ለትልቅም ለትንሽም መንግሥት እኩል ዋስትና የሚሰጥ ማኅበር ይቋቋም የሚል ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን በጃንዋሪ 1920 ጸና። አንቀጽ 10 የአባላት ድንበር ይከበር ይላል፤ አንቀጽ 16 በአንድ አባል ላይ ጦርነት የከፈተ በሁሉም ላይ እንደከፈተ ይቆጠራል፣ ንግድና ገንዘብም ወዲያው ይቋረጥበታል ይላል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. አባል ሆነች።

ስሕተቱ የት ነበር? በተለምዶ «ማኅበሩ የሕልመኞች ነበር» ይባላል። ዝርዝሩ ሌላ ይናገራል። በ1921 ጉባኤው ቃል ኪዳን መጣሱን እያንዳንዱ አባል ለራሱ ይወስን የሚል ማብራሪያ አጽድቆ ነበር፤ ስለዚህ የአንቀጽ 16 ጥርስ ገና ከመነሻው ላልቷል። አሜሪካ ከነጭራሹ አልገባችም። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ስትጀምር ማኅበሩ በአምስት ቀን ውስጥ ወራሪ አላት፤ ሃምሳ ያህል መንግሥታትም ለማዕቀብ ተስማሙ። ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ዝርዝሩን እዩት፦ የጦር መሣሪያ፣ ብድር፣ የጣልያን ሸቀጥ መግዛት፣ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ አሉሚኒየም፣ እንዲሁም በቅሎ፣ አህያና ግመልን ጨምሮ የጭነት እንስሳት ተከለከሉ። ነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና አረብ ብረት (ስቲል) አልተከለከሉም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በቅሎ ተከልክሎ ለካሚዮኑና ለአውሮፕላኑ ቤንዚን ሲፈቀድ፣ ይህ የአርአያ ብዛት ሳይሆን አርአያውን ሥራ ላይ የማዋል ዋጋን የመሸሽ ጉዳይ ነው። ከላይ በሰጠነው መለኪያ ሦስተኛው ነገር ነው የጎደለው። ኅዳር መጨረሻ ላይ የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለጣልያን የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር ነደፉ፤ ሲታወቅ ሆር ከሥልጣን ወረደ፤ ነዳጁ ግን እንደ ወትሮው ቀጠለ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ሲናገሩ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አቋረጧቸው። ንግግራቸው የሕልመኛ ንግግር ተደርጎ ተወስዷል። ይዘቱን ላነበበው ግን የውል ክርክር ነው፤ የተፈረመ ቃል ኪዳን አለ፣ አንቀጹ ይህን ይላል፣ ትንንሽ መንግሥታት ከእንግዲህ በተፈረመ ቃል ሊታመኑ ይችላሉ ወይስ አይችሉም? በውል መታመንን ሕልም ካልነው ባንክም ሕልም ነው። ጉባኤው ከጥቂት ቀናት በኋላ ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ፤ በጁላይ 15 ተነሣ።

በ1939 ብሪታንያዊው ምሁር ኢ.ኤች. ካር፣ በዊልሰን ስም በተሰየመ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የዊልሰንን ወገን ዩቶፒያውያን ብሎ በእውነታውያን፣ እዚህ ላይ የኃይል ሚዛን በሚያሰሉት፣ ዓይን ተቸ። በኋላ የመጡት ዩቶፒያዊ የሚለውን በሐሳባዊ ተኩት፤ የዛሬው የውጭ ጉዳይ ተንታኝ ቃል የመጣው ከዚያ ነው። የካር ትችት ብዙ እውነት አለው፤ ጠግበው የተቀመጡ መንግሥታት የራሳቸውን ጥቅም የዓለም ሰላም ብለው ሊጠሩት እንደሚችሉ ያሳየው እርሱ ነው። የእውነታዊነት ሚዛን ግን ለእውነታውያንም መሥራት አለበት። የለንደንና የፓሪስ ስሌት ሙሶሊኒን ካላስቀየምነው በሂትለር ላይ ከእኛ ጋር ይቆማል የሚል ነበር። ማዕቀቡ ከተነሣ ከሦስት ወር በኋላ ጣልያን ከጀርመን ጋር ተስማማች፤ በዲሴምበር 1937 ከማኅበሩ ወጣች፤ በጁን 10 ቀን 1940 በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች።